ሁለት ጊዜ «ጋ»

ባቱሚ ላይ ዝናብ እንግዳ አይባልም፤
በር አያንኳኳም፣ ደህና ዋሉ አይልም።
ሃያ ሁለት ዓመት በእርሱ ሲሳይ ኖርኩ፤
የዞረ ጎድን አቃናሁ፣ የላላ እጀታ አጠበቅኩ፣
የተቀደደ ሸራ ጠቀምኩ።

ባለፈው መስከረም የእህቴ ልጅ ማካ
«ድረ ገጽ የሌለው ሱቅ!» ስትል፣ ስትነካካ፣
እልህ ያዘኝና ተመዘገብኩ በማታ፤
ትምህርቱ በኮምፒውተር፣ መምህሩ ትብሊሲ፣
እኔ እዚሁ፣ ከመርፌ ከወስፌዬ ቦታ።

ዛሬ አሥራ አንደኛው ሳምንት ነው፤ የመጨረሻው ሥራ።
«የጓደኞቻችሁን ገጽ እዩ» አለ መምህር ባድሪ፣ «የራሳችሁን ከነርሱ ጋራ
አስተያዩና ጻፉ፤ ምን እንደሚጎድል፣ ምን እንደሚያምር።»
ይኸው እኩለ ሌሊት ሆነ፤ እኔ ገና ነኝ ከመጀመሪያው መስመር።

ዝቪያድ አለ፤ የካኼቲ ልጅ፣ የወይን ጠጅ ቤት ገጽ የሠራ፤
ስትከፍቺው ጉም ይነሣል፣ ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ብቅ ይላል ተራራ።
ታች ስትወርጂ ጋኑ ይከፈታል፣
ምንም ሳትጠጪ ትንሽ ይዞርሻል።

ላማራ የጥርስ ሐኪም ቤት፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ደግሞ ነጭ፤
ጣት ሲያርፍባቸው ቁልፎቹ እንደ ፈገግታ ብልጭ።
ጎቻ ገና አሥራ ዘጠኙ ነው፤ የብስክሌት ኪራይ፤
ካርታው እንኳ ኮረብታውን ያውቃል፣ «ዳገት ነው» ይላል ዳገቱ ላይ።

የኔስ?
አረንጓዴ መደብ ላይ ቢጫ ጽሑፍ፣ ዓይን የሚወጋ፤
ከታች የጥገና ዝርዝር፦ ጎድን፣ እጀታ፣ ጫፍ፣ ሸራ፣ ከነዋጋ።
«ደውሉ» የሚለው ቁልፍ ቢነኩት አይደውል፤
ፎቶው ተጋድሞ ገብቶ፣ የሱቄ በር እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ የተደገፈ ይመስል።

ቅናት እንዲህ ነው ለካ፤ አያስጮህም፣ አያስለቅስም፤
ወንበርሽን ብቻ ወደ ሰው መስኮት ያስጠጋል፣ መልሶ አያመጣሽም።

ጣቴ ሄደች። ከዝቪያድ ጉም ላይ ሰማያዊውን ሰረቅኩት፤
ስድስት ምልክት ብቻ ነው፤ አረንጓዴዬን አጥፍቼ እሱን ለጠፍኩት።
ሱቄ ወዲያው ሆነ የማላውቀው ቤት፣
እኔው ባለቤት፣ እኔው እንግዳ የሆንኩበት።
የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ? ሰማያዊም እንደዚያው።
መለስኩት። ቢጫው እንደገና ወጋኝ፤ ይሁን፣ የገዛ እሾሄ ነው።

ከዚያ የላማራን ገጽ ገለበጥኩ፤
ሰፊ አይደለሁ? ገበሩን ሳላይ የማንን ካፖርት መቼ አመንኩ።
ከነጩ ሥር ያለውን ኮድ መስመር በመስመር ወረድኩ፤
ጥርሶቹን እኩል ደርድሮ የያዘውን ሣጥን፣ ስሙን አነበብኩ፦

ኮልጋጋ።

ኮልጋ በኛ አፍ ጃንጥላ ነው። አንድ «ጋ» ይበቃዋል።
ሁለት ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት፣ መነጽሬ ጠፍቶ፣ ማን ያየዋል
ብዬ የተውኩት።

የጎቻን ከፈትኩ፤ ብስክሌቶቹ ኮልጋጋ ውስጥ።
የዝቪያድን፤ ከጉሙ በታች፣ ከተራራው ሥር፣ ኮልጋጋ፤ ስሙ ሳይታረም፣ ሳይለወጥ።
ከጎኑም ትንሽ ማስታወሻ፦ «ከምዜቪናር ወሰድኩ፤
ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ እንዳትነኩ።»

ሳቄ መጣ። ጎረቤት እንዳልቀሰቅስ አፌን በሸራ ቁራጭ አፈንኩ።
እነሱም ለካ በየሌሊታቸው ወንበራቸውን ወደኔ መስኮት ያስጠጉ ነበር፤
ቢጫዬን ታግሠው፣ አልፈው የተጋደመውን በር።

ለምን እንደሚሠራ እኔ አውቃለሁ። ስምንቱም ጎድን ከአንድ እምብርት ነው የሚወጣው፤
ነፋስ ሲመታ ይካፈሉታል። ይህን ኮምፒውተር አላስተማረኝም፤ እጄ ነው ያመጣው።

ለባድሪ ጻፍኩ፦ «የዝቪያድ ጉም ያምራል፤ ጥቂት ይዘገያል ሲከፈት።
ላማራ ነጩን ብትቀንስ። ጎቻ ምንም አይጎድለው፣ ከእንቅልፍ በስተቀር ምናልባት።
የኔ ቢጫ ይቅርታ ይጠይቃል። ቁልፉ አሁንም አይደውልም።»
ስለ ኮልጋጋ አልጻፍኩም።

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሳ ነበር፤ አንዷን «ጋ» ላጠፋ።
ተውኳት። ውጭ ዝናቡ ቀጥሏል፤ ነገ ደንበኛ አይጠፋ።