የወጥ ቤቱ ረድፍ

እኔ ገጣሚ ነኝ፤ የወንበር ገጣሚ፣
ስንኝ አላውቅበት፣ ብሎን ነኝ ለቃሚ።
ከዶውሮ ወንዝ በላይ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
ፖርቶ ላይ አንድ አለ፣ ዝምታ የሚመገብ
ቤተ መዘክር።

ጎኑን ተርትረው፣ እንደ ጠባብ ካፖርት፣
አዲስ ክንፍ ሰፉለት፣ ከመስታወት ከብረት፤
በክንፉም ሆድ ዕቃ፣ ከመሬቱ በታች፣
አራት መቶ ወንበር፣ ታጣፊ፣ አፍ ከፋች፣
አንድ ባንድ ገጠምኩ፣ አርባ ቀን በጉልበቴ፣
ሌላው ዘና እንዲል፣ ተጣጥፎ አንጀቴ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ማታ፣ ቪዮላንቴ መጣች፣
የድምፅ መሐንዲስ፤ መሣሪያ ዘረጋች።
"ባዶ አዳራሽ" አለች፣ "ይዋሻል ለጆሮ፤
ሰው አምጡልኝ፣ ሰው! ከነኮት፣ ከነሥጋው፣ ከነኑሮ።"

መጣን እንግዲህ፤ ለሳኙ ኖራውን እንደለበሰ፣
ጽዳቶቹ ከነባልዲያቸው፣ ቧንቧ ሠራተኛው እያስነጠሰ፣
አዴሪቶም መጣ፣ የሥዕሎች ጠባቂ፣
ኮቴ ተጠራጣሪ፣ ጸጥታ አጥባቂ፤
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከሥዕሎቹ መሐል፣
"አይነካም" እና "ሽሽ"፤ ይኸው ነው ያለው ቃል።

"መድረኩ ላይ ውጣ" አለችው፣ "እስቲ ጩኽልኝ።"
"ምን ብዬ?"
"የፈለግከውን።"
አፉን ከፈተ። ምንም።
ሃያ ስድስት ዓመት በ"ሽሽ" ተቀርቅሮ፣
እንዴት ባንድ ትእዛዝ ይከፈት ጉሮሮ?

አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ሰባተኛው ረድፍ ዳር፣
ቢጫ የግንበኛ ቆብ፣ ጆሮዋን የሚቀብር፤
ግራሲዬቴ። ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ ሰማያዊ በር፤
ለዚህ ክንፍ የፈረሰው የእሷ ቤት ነበር።

ገንዘቡን ተቀብላ ፈርማለች፤ አላለቀሰችም።
ኤክስካቫተሩ መጣና ቤት መታ፣
ቤት መታ፣ ቤት መታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፤
ግጥም ግን አልወጣው፤
የወጣው አቧራ፣ የሰድር ስባሪ፣ የማንቆርቆሪያ እጀታ።
ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አጥሩ ሥር ትቆማለች፣
ከተረፈው የበለስ ዛፍ ተነስታ፣ በእርምጃ ትለካለች።

አሁን ጣቷን ሽቅብ ቀስራ፣ ወደ ጣሪያው መብራት፣
"እዚያ ነው" አለችኝ፣ "ሁለት ሜትር ከራሴ በላይ፣ ምድጃዬ የነበረበት።
ልብ በል ልጄ፤
ቤተ መዘክር ውስጥ ትያትር ቤት፣
ትያትር ቤት ውስጥ ወጥ ቤት።"

ተነሳች። እጇን አፏ ላይ ደጋን አድርጋ፣
"ሴቨሪያኖ! ሾርባው በረደ!"

ድምፁ ሄደ፣
እኔ በሰቀልኩት እንጨት፣ በለሳኙ ግድግዳ፣ ጣሪያውን ዳብሶ በኋላ ረድፍ ወረደ።
ቪዮላንቴ ቁጥሩን አየች፤ አንድ ነጥብ አራት ሰከንድ።
እስክሪብቶዋ ግን አልተራመደ።

ሴቨሪያኖ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ማንም አልሳቀ፣ ማንም አላሳለ፤ ቧንቧ ሠራተኛው እንኳ።

ያኔ ከመድረኩ፣ ከዚያ ከዛገ ጉሮሮ፣
"መጣሁ!"
አለ አዴሪቶ፤
ሰባራ፣ ጮክ ያለ፣
ከጓሮ ሲጠሩት እጁን ገና ያልታጠበ ሰው ድምፅ።

ግራሲዬቴ ቆቧን አቀናች፤ ተቀመጠች።
"ሴቨሪያኖ" አለች፣ "እንዲህ ቶሎ አቤት ብሎኝ አያውቅም፤
ሦስቴ ካልጠራሁት ከርግቦቹ አይላቀቅም።"

በምረቃው ዕለት ከንቲባው ሪባን ቆረጠ፤
ተዋንያን ከሊዝበን መጡ፣ ንግግሩ ፈሰሰ፣ ጭብጨባው ቀለጠ።
"በዚህ መድረክ የመጀመሪያው ድምፅ..." ሲል ሰማሁት አስተዋዋቂውን፤
በር ላይ አዴሪቶን አየሁት፤ አዴሪቶም እኔን።
ዝም አልን።

አንድ ነገር ልናዘዝ።
ሰባተኛው ረድፍ ዳር ያለው ወንበር፣ ሲታጠፍ ሲጢጥ ይላል፣
ዘይት እንደጠማው የወጥ ቤት በር፤ ለሚያውቀው ሰው ይሰማል።
ቪዮላንቴ ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ፣ "አጥብቀው" ብላ።
እሺ ብያለሁ።
መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነው።