የሾላ ሜዳ መዝገብ

መዝገቡን ሲያስረክቡኝ ጋሽ ሙሄ እንድሪስ፣
«ቀስ ብለህ ግለጠው፣ ወረቀቱ እንዳይፈርስ»
አሉኝ። ሌላ ምክር፣ ሌላ ምርቃት የለም፤
ጥፍራቸው ሥር አለ ያለፈው ምርጫ ቀለም።

ሾላ ሜዳ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣
ኮምቦልቻ ሲያልቅ ነው፣ አስፋልቱ ሲያንሰው፤
ከፋብሪካው አጥር እስከ ቦርከና ዳር፣
ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር፣
ባጃጅ የሚዞርበት፣ በቆሎ የሚሸትበት፣
ረዳት «መጨረሻ!» ብሎ የሚያራግፍበት።

በአርባ ዘጠኙ ምርጫ፣ በመጀመሪያው ገጽ፣
የቀኛዝማቹ ጸሐፊ፣ ባማረ የፊደል ቅርጽ፣
«ከሾላው ዛፍ ጀምሮ ወንዙ እስከሚታጠፍ፣
ከወንዙ መታጠፊያ እስከ ዳምጤ ደጃፍ»
ብሎ ክልሉን ሠራ በአንድ ዐረፍተ ነገር፤
ወንዝ እግር እንዳለው ማን ነግሮት ነበር?
ተመራጩ ባለርስት፣ መራጩ ጭሰኛ፣
ሣጥኑ የባለርስቱ፣ የባለርስቱ ዳኛ፤
ጭሰኛው ግን ያን ቀን፣ ከጥላው ሥር ቆሞ፣
ወረቀት አጠፈ፣ እርፍ ያደደረውን ጣት አስቀድሞ።

በአምሳ ሰባት ክረምት ቦርከና ተቆጣ፣
አልጋውን ለቀቀና በዘምዘም ጓሮ መጣ።
ውኃው ሲጎድል፣ ሠላሳ ሁለት ቤት
ሳይነሡ ተሻገሩ ወደ ሌላ ጎረቤት፤
የዘምዘም ማድ ቤት ከኛው ክልል ሆነ፣
መኝታ ቤቷ ግን ወደ ማዶ ባከነ።
«የት ልምረጥ?» ብትለው፣ የወረዳው ሹም ስቆ፣
«በምትተኚበት» አላት፣ ወረቀቱን አርቆ።
እሷም ምድጃው ጥግ ቁርበት አነጠፈች፣
እስከ ምርጫው ማለዳ እማድ ቤት ዐደረች።

ከዚያ ቀበሌ መጣ።
ሾላ ሜዳ ቁጥር ሆነ፣ ማኅተም ሆነ፣ ሰልፍ፤
በሸንጎው ምርጫ ቀን ስም ተጠራ፣ በድምፅ ማጉያ አፍ።
ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ፣ የጻፋቸው አንድ እጅ፤
መራጩ ተኮለኮለ በቀበሌው ደጅ።
«ያልመረጠ ሰው ስኳር የለውም» ተባለ፤
በዚያ ዓመት ገጽ ላይ የሞተም ሰው አለ።

ዘጠና ሰባት ግንቦት። ገጹ ወፍሯል፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሰልፉ ድልድዩን ተሻግሯል፤
ከዚያ ቀጥሎ ያለው ተጣብቋል፣ አይገለጥም፤
ጋሽ ሙሄን ብጠይቅ፣ ሳሉ እንጂ አልመለሱልኝም።

ማሳው ለሼድ ተሰጠ፣ በቆሎው ታጨደ፤
ስንቱ ልጃገረድ ከወረባቦ ወረደ፣
አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ ተጋፍተው፣
«አድራሻ» በሚለው ላይ «ከሼዱ ጀርባ» አስሞልተው።

ጥቅምት ላይ ተኩሱ በደሴ በኩል ሲሰማ፣
ጋሽ ሙሄ ልብስ ትተው ወጡ ከከተማ፤
በማሽላ ጆንያ መዝገቡን ጠቅልለው፣
እስከ ሐርቡ በእግራቸው፣ እንደ ልጅ አዝለው።
ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ ወንበር አልነበረውም፤
የድምፅ ሣጥኑን ግን ማንም አልፈለገውም፤
ዶሮ ታቅፋበታለች፣ ሰባት እንቁላል ላይ፣
በግልጹ ላስቲክ ውስጥ ለሁሉ የምትታይ።

ዛሬ ተራው የኔ ነው። ሜትሬን ይዤ ወጣሁ፣
ከሾላው ጉቶ ተነሥቼ ወንዙ ዳር መጣሁ።
ዘምዘም ሞታለች፤ የማድ ቤቷ ጉልቻ አለ፤
ቦርከናም ከአምናው ሦስት እርምጃ ዘንበል አለ።
ከየት ጀምሮ እስከ የት? እስክሪብቶዬን ከፍቼ
ቆየሁ። መልሼ ከደንኩት፤ እርሳሴን አውጥቼ
ጻፍኩ።
          ጋሽ ሙሄ በከዘራቸው ተደግፈው፣
አዩኝና፣ የጻፍኩትን ሳያነቡ አልፈው፣
«ላጲስስ ይዘሃል?»
አሉኝ።