ናሙና ፻፲፬

ሐምሌ ነበር ደብረ ማርቆስ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲወግር፣
አያ አንማው በቃሬዛ መጣ፣ ከሸበል፣ ከዓባይ አፋፍ አገር።
ማረሻ ነው የነካው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ፣
«ትንሽ ጭረት ነበረች» አለኝ፣ «ዝንብ እንኳ ዞራ የማታይ።»
ከሱቅ ገዝቶ ነበር፣ ቀይና ጥቁር እንክብል፣
ግማሹን ለራሱ፣ ግማሹን ለከሳ በሬው ሲያካፍል።
ሦስት ቀን ውጦ ሲሻለው፣ የተረፈውን ቆጥሮ፣
ለከርሞ ይሆናል ብሎ አኖረው፣ እንደ ዘር በጨርቅ ቋጥሮ።

ቁስሉን በጥጥ ጠረግሁ፤ ሳህን ላይ ዘራሁት፣
እንደ ብርዝ በፈዘዘ ማሳ፣ እንደ ጤፍ በተንሁት።
ስድስት ክብ ወረቀት፣ በስድስት መድኃኒት የራሰ፣
በየመደቡ አኖርሁ፤ ማሞቂያው ውስጥ አደረና ሰዓቱ ደረሰ።

ስከፍተው፣
በየወረቀቱ ዙሪያ ሊመነጠር የሚገባው መሬት
አልተመነጠረም።
ዳር እስከ ዳር ቡቃያ፤
ወረቀቶቹ በመሃል፣ ቃላቸውን የሚሰማ ያጡ ሽማግሌዎች መስለው።

በቅጹ ላይ አንዲት ፊደል ስድስት ጊዜ ጻፍሁ።
ሰባተኛው መድኃኒት ባሕር ዳር የለም፣ አዲስ አበባም የለም ተባለ።
በአሥራ አንደኛው ቀን እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደቀ።

እሱ በክራንች ወጣ። ተህዋሱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ፣
በብልቃጥ፣ በበረዶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ከበረ።

ሦስት ክረምት አለፈ።
አለኸኝ መጣ ከባሕር ዳር፣ በሚኒባስ፣ የበረዶ ሣጥን አቅፎ፣
«ዓሣ ነው?» ሲሉት ከደንበጫ ጀምሮ፣ «አዎ» እያለ አልፎ።
በሣጥኑ አጓት የመሰለ ውሃ፣ በውሃው የማትታይ ፍሬ፣
የጸጉርን ውፍረት ለሺ ከፍለህ፣ አንዱን እጅ የምታህል ጥሬ።
ልብሷ የንብ ሰም ነው፣ ከአንከሻ ቀፎ የመጣ፣
ሆዷ ውስጥ ያው ስድስተኛው መድኃኒት፣ ከሳህኔ አፍሮ የወጣ።

«ተህዋሱ በረኛ አለው» አለ፣ «መድኃኒት ሲገባ የሚያባርር፣
መቀስም አለው፣ ከበረኛው ያመለጠውን የሚሸረሽር።
ሰሙን ግን ስብ ነው ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ያስገባል፤
ውስጥ ገብታ ትቀልጥለታለች።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ይበላል።»

አባቴ ዲማ ቅኔ ቤት ስምንት ዓመት ቆጥሯል፤
«ሰሙን ያየ ሁሉ» ይል ነበር፣ «ወርቁን ያገኘ ይመስለዋል።»
ይህን ብነግረው አለኸኝ ሳቀ፦
«እኔ የምቆጥረው ሚሊግራም ነው።»

ማታ ፻፲፬ን ከበረዶ አውጥቼ ዘራሁ።
መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ማሞቂያውን በጋቢ ሸፈንሁ፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ለጠላቴ ብርድ ተጨነቅሁ።

ጠዋት፣ በማሳው መሃል አንድ ጥርት ያለ ክብ፣
በእበት እንደተለቀለቀ አውድማ፣ አንድ ፍሬ ያልወደቀበት።
ሃያ ሁለት ሚሊሜትር።
ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቴም ሃያ ሁለት።

ሳህን ሰው አይደለም፤ አውቃለሁ።
ገና አይጥ አለ፤ ከአይጥ ወዲያ ስንት ዓመት፣ ስንት ፊርማ።
ግን መዝገቡ ላይ ስልክ ነበር። ደወልሁ።

«ማን ልበል?»
«ከላቦራቶሪ ነው፣ አያ አንማው።»
«ደሜን ደግሞ ፈለጋችሁ?»
«የለም። ያ እግርህን የበላው ተህዋስ፣ ዛሬ ሳህን ላይ ሞተልህ።»
«እስከ ዛሬ ነበር እንዴ?»
«ነበር፤ በረዶ ውስጥ።»
«ቀለብ እየሰፈርሽለት!»

ሳቀ። በስተኋላው ጅራፍ ይጮሃል፣ የሚያርሰው ልጁ ይሆናል።
«በይ እንግዲህ ያን መድኃኒትሽን» አለኝ፣
«ለቀረው እግሬ አኑሪልኝ።»

የቀረው? የቆመበት ነው፣ ወይስ ከጓሯችን የቀበርነው?
ልጠይቅ ስል መስመሩ ተቋረጠ።
ሰሙን ይዤ ቀረሁ።