ታችኛው ድምፅ

ፀሐይ የሪዮኒን ወንዝ ተሻግራ ስትርቅ፣
ቫርላም ይጀምራል፣ ከንፈሩን ሳያላቅቅ።
አንድ ወፍራም ድምፅ ከደረቱ ወጥቶ፣
ይዞራል እንደ ወፍጮ፣ እህል አጥቶ።
«ያቃስታል» ብዬ ጻፍሁ፣ እኔ የሌሊት አስታማሚ፤
ሐኪሙ ክኒን ጨመረ፣ እንደ ደንቡ ለታማሚ።
ክኒኑ አልበገረውም።

ማንኪያ ለምን እንደሆነ ረስቷል፤ ስሙም ከእጁ ወጥቷል።
ልጁ ዶዶ እሁድ እሁድ ከባቡር ወርዳ፣ በዝናብ ርሳ ስትመጣ፣
ፊቷን ትቶ የኮቷን ቁልፍ ይቆጥራል፣ ደጋግሞ፣ ሳይቆጣ።
እሷም ጸጉሩን አበጥራ ትመለሳለች፣
«እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን በጉሮሮዋ እንደያዘች።

ማክቫላ በመጋቢት መጣች። «በሙዚቃ የምታክም» አሉን።
ፒያኖ ጠበቅሁ፣ ከበሮ ጠበቅሁ፣ የሆነ ነገር፤
ባዶ እጇን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፣ ሳትናገር።
ሦስት ሳምንት! እኔ አንሶላ ስቀይር፣ ገላውን ሳብስ፣
እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ እሱ ሲተነፍስ ስትተነፍስ።
ከዚያ አንድ ማታ፦
«ይኼ ማቃሰት አይደለም። የት እንደሚወርድ ስሚው።
የሦስት ሰው ዜማ ነው፤ ታችኛውን ይዞ የቀረው እሱ ነው።
መሠረቱ ቆሟል፤ ቤቱ ነው የጠፋው።»

ዶዶን በስልክ ጠየቅናት። «ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፣
ሻልቫ ከላይ፣ ኖዳር ከመሃል፣ እሱ ከሥሩ፤
በወይን ለቀማ፣ በሠርግ፣ በቀብር…»
ቀብር ላይ ስትደርስ መስመሩ ዝም አለ።

ማክቫላ የላዩን ይዛ ገባች፣ በቀስታ፣
በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ በማታ።
ቫርላም ዓይኑን ገለጠ፤ ድምፁም አንድ እርከን ወረደ፣
ወንበር እንደሚለቅ አባወራ፣ እንግዳ ስለወደደ።
«አንቺ መሃሉን ያዢ» አለችኝ።
እኔ? በትምህርት ቤት «አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» የተባልሁ?
ያዝሁ። ተንሸራተተብኝ።
ግንባሩን ቋጠረ።
ማንኪያ የማያውቅ፣ ልጁን የማያውቅ ያ ሰው
ከዜማው መውጣቴን አወቀ፤
ጣቱን በብርድ ልብሱ ላይ ወደ ታች ጫነ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ፣
እስክገባም ጠበቀ።

አልዳነም። ይህን አልደብቅም።
በማግስቱ ሾርባውን በጣቱ ነካክቶ ተወው።
እሁድ ዶዶ መጣች፤ ቁልፎቿ ሰባት ናቸው፤
አንድ፣ ሁለት ብሎ ሲጀምር በጣቱ፣
መሃሉን እሷ ያዘች፣ በአጎቷ በሟቹ።
አራተኛው ቁልፍ ላይ
ጣቱ ቆመ።

«ያቃስታል» የሚለውን ሰርዣለሁ።
ምን እንደምጽፍ ግን እስካሁን አላወቅሁም፤ ሳጥኑ ጠባብ ነው።
ሌሊት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ማሽኑ ሲያጉረመርም፣
መሃሉን ስይዝ ራሴን እደርስበታለሁ፣
ከላይም ከታችም ቦታ ትቼ።