ትብለጥ

የባድሜንተን ሩብ ፍጻሜ፣
ሁለት ለሁለት ነው፤ ቀረ አንድ ጨዋታ፣
ሻንጣ ሊሸክፍ ነው ማታ፣ የተረታ።
ደብረ ማርቆስ ሞልታ፣ አዳራሹ ጠቦ፣
ሕዝብ “ትብለጥ! ትብለጥ!” ይላል ዙሪያውን ከብቦ።

ትብለጥ ታውቀዋለች ያን ሰባራ መስኮት፣
ስድስት ወር በቃሏ ደግማው እንደ ጸሎት፤
ከጮቄ የሚወርድ የከሰዓት ነፋስ
ላባ ኳሷን ስንት ጣት ገፍቶ እንደሚመልስ።

አሥራ ዘጠኝ ለሃያ።
ከፍ አድርጋ ሰደደች፣
ነፋሱ ያመጣል ብላ ቆማ ጠበቀች።
አልመጣም።
ኳስ ከመስመር ሁለት ጣት አልፋ ወደቀች።

ለካ ሌሊት አባቷ፣ አናጢው ቢምረው፣
“እንግዳ ብርድ አይምታው” ብሎ
መስታወት ሲገጥም ነው ያደረው።

ሕዝቡ ጭጭ ሲል፣ ከበሩ ጥግ ቆሞ
“ትብለጥ” አለ ቢምረው።
ልጁን ይጥራት፣ የካምፓላዋን ይመርቃት፣
ከጎኑ ቆሜ እንኳ ቃሏን አልለየኋት።