ረዳት

ሌሊት ስምንት ሰዓት። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፤
አባቴ ካፖርቱን ከፒጃማው በላይ ደርቦ ተነሥቷል፤
የግራውን ጫማ በቀኙ አጥልቋል።
«ቁልፉን አምጣ፣ ይማም! ምን ያስተኛሃል?
ሐረጎን ሳንወርድ ጎህ ይቀድብናል፤
የሚሌ ፀሐይ ጎማ ይበላል።»

ይማም እኔ አይደለሁም።
ይማም ኤሊዳር ላይ ከቀረ ሠላሳ ዓመት አለፈው።
እኔ ሐዋ ነኝ፣ ልጁ፣ የሰኞ ገበያዋ ልብስ ሰፊ።
ኤንትሬዋም ተቆራርጣ በኪሎ ተሸጣለች።
የበሩ ቁልፍ ግን እዚህ ነው፣ ከጡቴ ሥር፣
ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረቁረኝ የሚያድር።
አንድ ቀን ነው የረሳሁት፣ በሩን ሳልቆልፍ፤
አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ አገኙት፣
ለሌለ መኪና እጁን እያወዛወዘ መንገድ ሲያሳልፍ።

«አብሽሪ፣ ሐዋ» ይላል ጎረቤት ሲያልፍ በደጄ።
«ሶብር አድርጊ፣ የአባት ዱዓ ትልቅ ነው» ይላሉ ሸኹ።
ወንድሜ ከጅዳ ይደውላል፤ ድምፁ ያዝናል፤
ብሩ በሐዋላ ይመጣል።
እንቅልፍ በሐዋላ አይመጣም።
እኔም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤
ጥርሴ ይላል እንጂ አንጀቴ አይልም።

ባለፈው የሰው ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋሁት።
ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።
ሳቁ አልቆም አለኝ፤ ቆይቶ ሌላ ነገር ሆነ፤
ሲንጀሯ ላይ ተደፋሁ።

ደግሞ ይህንን ማንም አልሰማም፦
ትናንት ሳጥበው በጥፊ መታኝ፤
እኔም ክንዱን ያዝኩት፤ ጠበቅ አድርጌ፤ እስኪጮህ።
ጠዋት አየሁት፤ በልዟል፤
አራት ጣት፤ የኔ ጣት።
እሱ ረስቶታል።
መርሳት ለሱ ብቻ ተሰጠ፤
እኔ እንዲህ ያለ ሪዝቅ የለኝም።
አንዳንዴ «ያረቢ፣ አሳርፈው» ይላል አፌ፤
ማንን ማለቴ እንደሆነ ሳላውቅ፣
«አስተግፊሩላህ» ብዬ ውሃ አሞቃለሁ።

ዛሬ ግን ክርክሩ ደከመኝ።
«ይማም እኮ ሞቷል» ብዬ ስንቴ ላርዳው?
በየሌሊቱ አዲስ መርዶ፣ በየሌሊቱ አዲስ ለቅሶ፣
አንድ ሰው ስንቴ ይቀበራል?
ቁልፉን ከጡቴ ሥር አወጣሁና ሰጠሁት።
«እሺ ሹፌር» አልኩት፣ «አሙቃት፤ እኔ ጎማ ልይ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።
ቁልፉን ብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ሻጠው፤
ሞተሩን በከንፈሩ አስነሣው።
ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤
ኮምቦልቻ ገና ተኝታለች።
ባቲ ላይ ግመሎች መንገድ ዘጉ፤ ጠበቀ፤
ጥሩምባ እንኳ አልነፋም።
የኔን ስም መንገድ ላይ የጣለ ሰው
አንዲት ኩርባ አልሳተም።

ሎግያን ስናልፍ ዘወር ብሎ አየኝ።
«ዓይንህ ቀልቷል፣ ይማም። ስንት ሌሊት ሆነህ?
ተኛ። ከዚህ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው፤
እኔ አለሁ።
አሰብ ስንገባ እቀሰቅስሃለሁ።»
ካፖርቱን አወለቀና ደረበልኝ።

«ተኛ» የሚለኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ!
ትከሻው ላይ ተደገፍኩ፤
የጥንቱ የናፍጣ ሽታ የለም፤
ሳሙና ብቻ፣ የኔው ሳሙና፣ ትንሽም ሽንት።
ኤሊዳርን አላየሁትም።

ነጋ።
ፍራሹ ርሷል፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤
ቁልፉ ከመዳፉ አልወጣም።
ትክ ብሎ አየኝ።
«አንቺ ማነሽ?»
«ረዳትህ ነኝ።»
«ደሞዝሽን ሰጡሽ?»
«ገና ነው።»
ተናደደ፤ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ፤
ከካፖርቱ የተበጠሰች አንዲት ቁልፍ አገኘ፣
ባለ አራት ቀዳዳ፣ ቡኒ።
መዳፌ ላይ አኖራትና
ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ።

ከሰዓት በኋላ ጅዳ ደወልኩ።
«ብሩን ተወው» አልኩት ወንድሜን፣ «አንተን ላክ።»
ዝም አለ። መስመሩ ይሁን እሱ፣ አልለየሁም።

ክር አውጥቻለሁ፤ መርፌም አለኝ፤
ቁልፏን ግን እስካሁን አልተከልኳትም።