ተርታሪዋ

በድሮሆቢች ከተማ፣ ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሥር፣
ምድር ቤት ነው ሥራችን፤ መቀስ፣ ምላጭ፣ የተፈታ ክር።
ፎቁ ላይ አንድ ሕፃን ፒያኖ ይለማመዳል፤
አንዲቷን ዜማ ይመላልሳል፣ እዚያችው ላይ ይወድቃል።

ስቴፋኒያ ትቆርጣለች፤ ድሮ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ነበረች፤
ያሪና መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች ትውላለች፣ ታመሻለች።
እኔ መስፋት አይሆንልኝም፤
ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ጣት ለመርፌ አይታዘዝም።
ስለዚህ እተረትራለሁ።

አዲስ ሱሪ ይሰጡኛል፣ የዋጋው ወረቀት ያልተነሣለት፤
የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ተጠቦ የሰፋለት።
ጎኑን በምላጭ ጫፍ ይዤ፣
ከቁርጭምጭሚት እስከ ወገብ እለቀዋለሁ፣ ክሩን በጥርሴ መዝዤ።
እናቴ ብታይ ታብድ ነበር፣ ደኅናውን ልብስ ሳበላሽ፤
አሁን ግን «በርቺ» ይሉኛል፣ ስተረትር ውዬ እስኪመሽ።

ዝርዝሩ ከሆስፒታል ይመጣል። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ።
«አሥራ አራት፦ ቀኝ እግር፣ ከውጭ የታሰረ ብረት።
ሃያ ሁለት፦ ግራ ክንድ የለም። እጅጌው ይጠር፤
ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ሲያዝ አይወድም።
ሠላሳ፦ ቁምጣ። ሁለቱም ጎን ክፍት። ቀለሙ የፈለገው ይሁን፣
አረንጓዴ ብቻ አይሁን።»

ያሪና ትሰፋለች፤ ስትሰፋው ሱሪው ይሰፋል፤
ብረቱም፣ ፋሻውም፣ ቱቦውም በዚያ በር ያልፋል።
መዝጊያው ቬልክሮ ነው፤ አንዱ ፊት እሾህ፣ አንዱ ፊት ሱፍ፤
ጫን ሲሉት ይጣበቃል፣ በአንድ እጅ፣ በክርንም ጫፍ።
ሦስት መቶ ሱሪ እንዲህ ወጣ። ኮራን፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነን።

በየካቲት ከነርሷ ከኦሪስያ ደብዳቤ ደረሰን፦
«እጃችሁ ይባረክ። ቀን ቀን ግሩም ነው፤ ችግሩ ሌሊት ነው።
አንዱ ሽንት ቤት ሊሄድ ተነሥቶ ጎኑን ሲያላቅቀው፣
ትርርርር ይላል። ስድስት ሰው አልጋ ሥር ሊገባ ይሞክራል፤
እግር የሌለው ጭምር። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል?
ድምፅ የሌለው ነገር አይገኝም?»

ዝም አልን። ፎቅ ላይ ሕፃኑ እዚያችው ላይ ወደቀ።
«ዚፕ?» «ይጮኻል።» «ማግኔት?» «ሥጋቸው ውስጥ ስንት ብረት እንደቀረ ማን አወቀ?»
«ተጫኝ ቁልፍስ?» አለች ያሪና።
«እሱ ቀጭ ይላል። ቀጭ ደግሞ…»
ስቴፋኒያ አልጨረሰችውም።
ጣቶቿን ስታይ ቆየች። «በሙሽራ ጀርባ ላይ ስንት ቁልፍ ተክያለሁ፤
አንዱም ሲከፈት ጮኾ አያውቅም» አለች።
ትልቅ ይሁን፣ ብስኩት የሚያህል፤ ላስቲክ ይሁን ቀለበቱ፤
አንድ አውራ ጣት የሚገፋው፣ በጨለማ፣ በሌሊቱ።

ወሬው ሲሰማ ከተማው ካፖርቱን ፈታ።
በማርማላታ ጣሳ፣ በካልሲ፣ በፖስታ፣
ቁልፍ ጎረፈልን፤
በራቸውን ለማናውቃቸው።

ዚኖቪም መጣ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር።
ካፖርቱን አላወለቀም፤ ፊቴ ተገተረ እንደ በር።
«ቁረጪ» አለኝ።
ተርታሪ አይደለሁ? ደረቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ምላጬን አስጠጋሁ፤
ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ እጄ እንዳይስት ተጠነቀቅሁ።
አራት ቁልፍ፣ ቡናማ፣ ከቀንድ የተሠራ። ሦስቱ በጥቁር ክር፤
አራተኛው ግን በቀይ፣ ተደራርቦ፣ ተቸኩሎ፣ ከነቋጠሮው።
ማን እንደሰፋው አልጠየቅሁም።
ቁልፉን ጣሳው ውስጥ ጣልኩ፤ ክሩን አልጣልኩም።

በግራ እጁ ካፖርቱን ገጥሞ፣ በቀኙ መደገፊያውን ይዞ ወጣ፤
ደጁ በረዶ ነው። «ሻይ እንኳ!» ብንለው፣ ሳይዞር፣ «ሌላ ጊዜ ስመጣ።»

ሠላሳ ቁጥርን አነሣሁ፤ ቁምጣ፣ ሰማያዊ።
የጎኑን ስፌት ስፈልግ መብራት ሄደ።
ማንም አልተነሣም። ያሪና መዘውሩን በእጇ ማዞር ጀመረች፤
እኔም በዳሰሳ ተረተርኩ።